በበሩ ሥር የሚገቡ ትንንሽ ጣቶች

(ከቤታቸው ሆነው ለሚሠሩ ወላጆች በተዘጋጀ ውይይት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። በጽሑፍ ሳሰፍረው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ ልጅ ለሰው ትታችሁ ነው የመጣችሁት፤ ልባችሁ ግማሹ ቤት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

የምንኖረው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የለውም። አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ማዕድ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ ልብስ የሚሰጣበት በረንዳ። እኔ ውጭ አገር ላለ ድርጅት ሒሳብ እሠራለሁ። ባለቤቴ ፕሮግራመር ነው። ሁለታችንም ከቤት ነው የምንሠራው። ልጃችን ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሞግዚታችን ደግሞ ከእኛው ጋር ትኖራለች። አራት ሰው በዚያች ቤት ውስጥ ውሎ ያድራል።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ሁለታችሁም ቤት እየዋላችሁ ሞግዚት ምን ያደርግላችኋል?» አክስቴ ጠይቃኛለች። የግቢያችን ጥበቃም ጠይቀውኛል። በክፋት አይደለም። ቤት የዋለ ሰው ሥራ የዋለ አይመስልም። ግን የአሥር ወር ልጅ ታቅፎ የወር ሒሳብ መዝጋት አይቻልም። ሞክሬዋለሁ። ቁጥሩም ይሳሳታል፣ ልጅቷም ታለቅሳለች።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ታስታውሳላችሁ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛቸውን ወደ ቤት ላኩ። ላፕቶፕ የምግብ ጠረጴዛ ላይ የወጣው ያኔ ነው። ወረርሽኙ አለፈ። አንዳንዶቻችን ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረን። ቤቶቻችን ደግሞ ለዚህ አልተሠሩም። ኮንዶሚኒየም ሲታሰብ በግ ማረጃና እንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ቤት እንኳ ታስቦለታል። ቢሮ ግን ያኔ ማን ያስባል?

አሁን አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ የምላችሁ ሁሉ ከዚያ ቀን የመጣ ነው።

ሐምሌ ነበር። ሞግዚታችን ከእኛ ጋር ከሆነች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ስትመጣ የነገርኳት መመሪያ አንድ ብቻ ነበር። «ስብሰባ ላይ ስሆን የልጅቷ ድምፅ እንዳይሰማ።» በዚያን ቀን የአንድ ሰዓት ስብሰባ ተራዝሞ አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። እንዴት ጎበዝ ልጅ ናት እያልኩ ነበር በልቤ። ጨርሼ ስወጣ ሳሎኑ ባዶ ነው። ፍራሹ ላይ የተበተኑ መጫወቻዎች አሉ። ጫማዋ በር ላይ የለም።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። የኮንዶሚኒየም ደረጃ እንደምታውቁት ግማሹ ለንፋስ ክፍት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ይገባል። በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል፣ መታጠፊያው ላይ ቆማለች። ልጄን በጋቢ አዝላታለች። ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ርሷል። «ምነው? ምን ሆናችሁ?» አልኩ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አሁንም ስብሰባ ላይ ያለሁ ይመስል፣ «እንዳንረብሽዎት ብዬ ነው እትዬ። ስታለቅስ ይዣት ወጣሁ» አለችኝ። «መቼ ወጣችሁ?» «እንደጀመሩ።» የልጄን እጅ ያዝኩት። በረዶ ሆኗል። የእሷንም ያዝኩት። የእሷ ይብሳል።

አስገባኋቸው፣ ሻይ አፈላሁ፣ አለቀስኩ። እሷ ደግሞ ጥፋት የሠራች መስሏት ደነገጠች።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እኔ የጠየቅኳት ልጅ እንድትጠብቅልኝ አልነበረም። ልጄን ዝም እንድታሰኝልኝ ነበር። ዝም የምትል የአሥር ወር ልጅ የለችም። ስለዚህ ያላት ምርጫ ከቤት መውጣት ብቻ ነበር። እኔ በራሴ ቤት ውስጥ ለእሷም ለልጄም ቦታ አልተውኩም ነበር።

ቤት ሲጠብ ሁላችንም ስለ ስፋት ነው የምናወራው። ግድግዳ፣ መጋረጃ፣ ጠረጴዛ የት ይሁን። እኔ ግን አሁን የማምነው ሌላ ነገር ነው። በጠባብ ቤት ውስጥ ሞግዚት ሥራዋን የማትሠራው ቦታ ስላጣች ብቻ አይደለም። ሥልጣን ስላጣች ነው። እናት እዚያው ናት። ልጅ ስታለቅስ ከውስጥ «ምን ሆነች?» እያለች ትጮሃለች። ውኃ ልትቀዳ ትወጣለች፤ ልጅ ታያታለች፤ ታነሳታለች፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እያለቀሰች መልሳ ትሰጣታለች። ሞግዚቷ ገና አባብላ ስትጨርስ እናት እንደገና ብቅ ትላለች። እኔ ይህን በቀን አራት አምስት ጊዜ አደርገው ነበር። በፍቅር ነው የማደርገው። ልጄ የያዘችው ትምህርት ግን ይህ ነው፦ ይህቺ ሴት እናቴ እስክትመጣ የምታቆየኝ ናት፤ ጠንከር አድርጌ ካለቀስኩ እናቴ ትወጣለች።

መፍትሔውን ያገኘነው ከባለቤቴ ወንድም ነው። መጋዘን ውስጥ ይሠራል። «እናንተ ቤት ርክክብ የለም» አለን። ተረኛ ሲቀየር ቁልፍ ይሰጣል፣ ዕቃ ይቆጠራል፣ ይፈረማል። ከፈረሙ በኋላ ኃላፊው ሌላው ነው። የቀድሞው ሰው እዚያው ቁጭ ብሎ ሻይ ቢጠጣ እንኳ መጋዘኑን አይነካም።

እኛም ርክክብ ጀመርን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልጅቷን አቅፌ ሳሎን እቀመጣለሁ፣ ሞግዚቷ አጠገቤ ትቀመጣለች። ሌሊት እንዴት እንዳደረች፣ ስንት ሰዓት ጡት እንደጠባች፣ ምን እንደበላች እነግራታለሁ። አምስት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ልጄን ለእሷ እሰጣታለሁ። «ቻው፣ እማዬ ሥራ ገባች» እላታለሁ። ተደብቄ አልወጣም። ስታለቅስም ቻው ብዬ ነው የምሄደው። ምሳ ላይ እወጣለሁ፤ ያ የእኔ ሰዓት ነው፤ ሞግዚቷ ያኔ በሰላም ትበላለች። በመካከሉ ውኃ ከጠማኝ ጠዋት የሞላሁት ኮዳ አለ። መጸዳጃ ቤት ስሄድም ልጄ ካየችኝ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ፣ አላነሳትም። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከልጄ ይልቅ የከበደው ለእኔ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ሳልፍ አይታኝ ወደ መጫወቻዋ ተመለሰች።

ከሁሉም በላይ የከበደኝ ግን ልጄ ስታለቅስ «ምን ሆነች?» ብሎ አለመጮህ ነው። ለቅሶው ሲመጣ እጄ በሩ ላይ ነው። አንድ ነገር ከሞግዚቷ ጋር ተስማማን። ከታመመች፣ ከወደቀች፣ ወይም እሷ ራሷ ከፈራች ታንኳኳለች፤ የትኛውም ስብሰባ ይቋረጣል። ካላንኳኳች አልወጣም። ይህን በቃል ስንነጋገር ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። አምኜያት እንደማላውቅ ያኔ ነው የገባኝ።

የበሩ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። ምናልባት አይታችሁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሮፌሰር ሮበርት ኬሊ ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ከሚገኘው ቤቱ ሆኖ ለቢቢሲ በቀጥታ ስርጭት ቃለ ምልልስ ሲሰጥ ትንሿ ልጁ በሩን ከፍታ ገባች። ሕፃኑም ተከተላት። ከዚያ እናታቸው ሮጣ መጥታ ሁለቱንም ጎትታ አወጣቻቸው። ዓለም ሁሉ ሳቀ። እኔን የነካኝ ሌላ ነው። ብዙ ተመልካች እናትየዋን ሞግዚት ናት ብሎ ገመተ። ጎንበስ ብላ ልጅ የምታወጣ ሴት ስትታይ ሰው ቶሎ የሚያስበው ያንን ነው። ኬሊ ያን ቀን በሩን መቆለፍ ረስቶ ነበር።

እኔ በሩን አልቆልፍም። ከበራችን ሥር ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት አለ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሆኜ ወደ ታች ስመለከት አራት ትንንሽ ጣቶች በክፍተቱ ገብተው ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ጥፍሮቿ ላይ የገንፎ ፍርፋሪ አለ። ድምፅ አላሰማችም። ጣቶቿን ብቻ ነው ያስገባችው። እዚያ እንዳለሁ ታውቃለች።

ይህ የሚጀምረው በግምት ስምንት ወር አካባቢ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ስለዚህ ብዙ ጽፏል። እንደ እሱ አባባል ከዚያ በፊት ለሕፃን ከዓይን የጠፋ ነገር የለም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የተሸፈነ ነገር ከሽፋኑ ሥር እንዳለ ይገባዋል። እናትም ከበሩ ጀርባ እንዳለች ይገባዋል። የመለየት ለቅሶም የሚጠነክረው ከዚሁ ወዲህ፣ ከአሥር ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የአራት ወር ልጅ ይዛችሁ «በር መዝጋት በቂ ነው» ያላችሁ ወላጆች፣ ጥቂት ወራት ጠብቁ።

ሞግዚታችን ስለ ፒያዤ አልሰማችም። ያደረገችውን ግን ተመልከቱ። ልጅቷን በሩ ሥር አስቀምጣ «ኩኩሉ!» ትላለች። ራሷው «አልነጋም!» ብላ ትመልሳለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች፣ ትገልጣለች። «ነጋ!» ልጄ ትስቃለች። ሄዶ የሚመለስ ሰው እንዳለ ያስተማረቻት በዚህ ነው። ለበሩ ምልክት ያገኘችውም እሷው ናት። እኔ የስብሰባ ሰዓቴን በወረቀት ጽፌ ለጥፌላት ነበር፤ ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ ይለዋወጣል። «እትዬ፣ መቀነትዎን እጀታው ላይ ቢያስሩትስ?» አለችኝ። መቀነቱ ከታሰረ ማይክ ተከፍቷል ማለት ነው። ካልታሰረ ማንኳኳት ይቻላል። እስከ ዛሬ የምንሠራው በዚህ ነው።

ድምፅን በተመለከተ ቶሎ ልለፈው። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በተጠቀለለ ብርድ ልብስ መዝጋት ውድ ዕቃ ከመግዛት ይበልጣል፤ ድምፅ የሚገባው በዚያ ነው። ማይኩ አፍ አጠገብ የሚሆን ሄድሴት ያዙ። ለባልደረቦቻችሁም ልጅ እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሩ። እኔ ከነገርኳቸው በኋላ አንድም ሰው ቅር አላለውም።

የቀን እንቅልፍ ግን ሳይታሰብበት የሚያጣላ ነገር ነው። አልጋዋ መኝታ ቤት ነበር። መኝታ ቤቱ ቢሮዬ ነው። ስትተኛ በሹክሹክታ ማውራት ጀመርኩ። ደንበኞቼ የታመምኩ መሰላቸው። ቀን ቀን ሳሎን ፍራሽ ላይ እንድትተኛ አደረግን። ባለቤቴ ሳሎን የነበረውን ጠረጴዛውን ወደ በረንዳው በር አዞረ፤ እንቅልፏ ላይ ስልክ አያወራም፣ ኮድ ይጽፋል። የሚያወራባቸውን ሁለት ቀናት ከቤት ወጥቶ ይሠራል። ሦስት ትልልቅ ሰው በአንድ ጊዜ ቤት መዋሉ ይበዛ ነበር።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሞግዚታችን ልጅቷን ይዛ ለፀሐይ ትወርዳለች። በብሎኮቹ መካከል ሌሎች ሞግዚቶች አሉ። ይቀመጣሉ፣ ይጫወታሉ። አንዳንድ ጎረቤቶቼ ይህን አይወዱም። «የቤት ወሬ ይወጣል፣ ደሞዝ ይወዳደራሉ» ይላሉ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ከባልደረቦቼ ጋር አወራለሁ። እሷም የሥራ ባልደረባ ያስፈልጋታል። ደሞዝ ቢያወዳድሩ ደግሞ መብታቸው ነው።

ስለ ጡት ላንሳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ይሰጣል። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ይህ 18 ሳምንት ነው፤ አራት ወር ትንሽ አለፍ ይላል። ለአባት የተሰጠው 3 ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላል። በመካከሉ ያለውን ክፍተት ቢሮ የምትሄድ እናት እንዴት እንደምታልፈው እኔ ሳስበው ይጨንቀኛል። ለእኛ ቤት መሆናችን ትልቅ ዕድል ነው። ጡት የማጥቢያው ሰዓት በርክክቡ ውስጥ ገብቷል፤ ሞግዚቷ አንኳኩታ ታስገባታለች፣ ስትጨርስ ትወስዳታለች። ለረጅም ስብሰባ የታለበ ወተት አስቀምጣለሁ። ከፍሪጅ ውጭ ከሆነ ከአራት ሰዓት በላይ አይቆይም። መብራት በጠፋ ቀን ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

አሁን በጣም የምጨነቅበት ጉዳይ ላይ ደረስኩ። ሞግዚታችን አዳሪ ናት። ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ አዳሪ ማለት ሳሎን የምትተኛ ማለት ነው። የእኛ ሳሎን የእሷ መኝታ ቤት ነው። እኛ እስከ አምስት ሰዓት ቴሌቪዥን ካየን እሷ እስከ አምስት ሰዓት አልተኛችም። ባለቤቴ ማታ ከአሜሪካ ቡድኑ ጋር ሳሎን ሆኖ ካወራ የሰው መኝታ ቤት ውስጥ ገብቶ እያወራ ነው። እንግዳ አምሽቶ ከተጫወተ የሚያነቃው እሷን ነው። ይህን ለማየት ወራት ፈጀብኝ። አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሳሎኑ የእሷ ነው። የማታ ስብሰባ መኝታ ቤት ይሆናል። ከቁምሳጥኑ ሁለት መደርደሪያ ከነቁልፉ ሰጠናት። ሌሊት ልጅ ስትነሳ የምንነሳው እኛ ነን፤ ቀን የሠራ ሰው ሌሊት አይሠራም።

እሑድ ሙሉ ቀን ዕረፍቷ ነው። ቤት ውስጥ ሆና «ትረፍ» ማለት አይሠራም። ልጅ ታያታለች፣ ትሮጣለች፣ እሷም እምቢ አትልም። ስለዚህ ወይ እሷ ትወጣለች ወይ እኛ ልጃችንን ይዘን እንወጣለን። የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ ቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ስምምነት፣ ቁጥር 189፣ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይላል። የእኛው አዋጅ ግን በግል ቤት የሚሠሩትን አይሸፍንም፤ በሌላ ደንብ ይወሰናል ብሎ ያልፋቸዋል። በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝም የላቸውም። ደላላው ያገናኛል፣ ተያዡ ይፈርማል፣ ሁሉም ወረቀት አሠሪውን ነው የሚጠብቀው። እሷን የሚጠብቅ ወረቀት ካልጻፍንላት የለም።

እኛ አንድ ገጽ ጻፍን። ደሞዝ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የዕረፍት ቀን፣ ለበዓል አገሯ የምትሄድበት ቀን፣ ስትታመም ማን እንደሚያሳክም። ሥራዋም ተጽፏል። ልጅ መጠበቅና የልጅ ምግብ። የቤቱ ጽዳት ለብቻ ነው፤ የእሷ አይደለም። ቤት ስለምንውል «እግረ መንገድሽን ቡና አፍዪልኝ» ማለት በጣም ይቀላል። እግረ መንገድ እየተባለ ሞግዚቷ ወደ ማዕድ ቤት ትገባለች፣ ልጁ ስልክ ይሰጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት ዓመት በታች ስክሪን አትስጡ ይላል። ልጁን ስልክ ላይ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ሳስብ ብዙ ጊዜ ቡና የጠየቀው ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ዕድሜ ጠይቁ። ሕጉ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። እኔ ደግሞ ከ18 በታች ላለች ልጅ ሕፃን አትስጡ እላለሁ። ጭንቀቱን መሸከም የለባትም።

ስለ ካሜራም ትጠይቁኛላችሁ። ቤት ውላችሁ ካሜራ መስቀል አስፈላጊ አይመስለኝም። ከሰቀላችሁ ግን ንገሯት። በተለይ ሳሎን መኝታ ቤቷ ከሆነ።

ከመጨረሴ በፊት አንዲት እናት ከስብሰባው በፊት በወረቀት የላከችልኝን ጥያቄ ልመልስ። «ልጄ ሞግዚቷን ከእኔ አብልጣ ብትወዳትስ?» ብላለች።

ሞግዚታችን የማታ ትምህርት ጀምራለች። ሰባተኛ ክፍል ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ርክክብ እናደርጋለን፣ ደብተሯን ይዛ ትወጣለች። ባለፈው ሳምንት ልጄ በር ላይ ቆማ አለቀሰችላት። ለእኔ ታለቅስ በነበረበት ለቅሶ ነው ያለቀሰችው። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሞግዚቷ እንደምታደርገው ይዣት በረንዳ ወጣሁ። ታች መንገዱን ስታቋርጥ አየናት። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግኩና «ኩኩሉ!» አልኳት። ልጄ በእንባዋ መሐል ነጠላውን ጎተተች። «አገም!» አለች።